የአንድ ማዕድ ደስታ



ነገሬን ከእስክንድርያ እጀምራለሁ። በ3ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የሮምን ግዛት ያዳረሰው ወረርሽኝ ወደዚያች ከተማም ገባ። ሊቀ ጳጳሱ ዲዮናስዮስ በዚያ ዘመን ለምእመናኑ የትንሣኤ በዓል መልእክት ጻፈ፤ መልእክቱንም የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ዘቂሳርያ በመጽሐፉ አስገብቶ አቆይቶልናል። ከተማዋን ለቅሶ ሞልቷታል፤ ሰው ያልሞተበት ቤት አይገኝም። እንዲህ ያለውን ጊዜ ሌላው ሰው የበዓል ጊዜ እንደማይለው ዲዮናስዮስ አይክድም። እኛ ግን በበዓል ላይ ነን ይላል። ከዚያም ያየውን ይተርካል፤ ቀሳውስት፣ ዲያቆናትና ምእመናን ለነፍሳቸው ሳይሳሱ በሽተኛ ያስታምሙ ነበር። የሟችን ዓይንና አፍ ይከድኑ፣ አስከሬኑን በትከሻቸው ይሸከሙ፣ አጥበው ይገንዙ ነበር። ጥቂት ቆይተው እነርሱም በዚያው በሽታ ይወድቃሉ፤ ሌሎች ደግሞ ተነሥተው እነርሱን ይገንዛሉ። ከዚህ ዓለም በደስታ ተለዩ ይላል።

ሐዘኑን አንድም ቦታ አልደበቀም፤ ስለዚህ ደስታ ያለው ነገር መከራን ለመሸፈን የተባለ አይመስለኝም። ታዲያ ይህ ደስታ ከወዴት መጣ? ለምንድን ነው አንድ ጳጳስ የተቀባሪውንና የቀባሪውን ነገር በትንሣኤ መልእክት ውስጥ፣ የበዓል ዜና አድርጎ የጻፈው? ዛሬ ከእናንተ ጋር ማሰብ የምፈልገው ይህን ነው።

ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ የበጎ ፈቃድ አገልጋዮች እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር ሄዶ አረጋውያንን የሚያጥብና ፀጉር የሚያስተካክል አለ። በክረምት የአቅመ ደካሞችን ቤት የሚያድስ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን የሚያስተምር፣ ለበዓል ደጀ ሰላሙን የሚያጸዳም አለ። ኦርቶዶክሳዊ፣ ካቶሊካዊ፣ ወንጌላዊ ሆናችሁ እዚህ እንደተሰበሰባችሁ አውቃለሁ፤ የምናገረው ካደግሁበት ከኦርቶዶክሱ ቤት ተነሥቼ ቢሆንም ሁላችሁም የየራሳችሁን የምታገኙበት ይመስለኛል። የምለው አንድ ነገር ነው። አብሮ በማገልገል ውስጥ የሚገኘው ክርስቲያናዊ ደስታ ምንጩ ማዕድ ነው፤ የክርስቶስ ማዕድ፣ ከእርሱም የሚወጣው የወንድማማች ማዕድ። አገልጋዩና ተገልጋዩ በዚያ ማዕድ ዙሪያ አብረው ሲቀመጡ ደስታው ይኖራል። ማዕዱ ሲከፈል፣ አንዱ ሁልጊዜ ሰጪ ሌላው ሁልጊዜ ተቀባይ ሆኖ ሲቀር፣ ሥራው ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል፤ ደስታው ግን ጥሎን ይሄዳል።

የሐዋርያት ሥራ መጽሐፍ ሁለተኛው ምዕራፍ የመጀመሪያዎቹን የኢየሩሳሌም ክርስቲያኖች ኑሮ ሲነግረን ጸሎቱን፣ የሐዋርያትን ትምህርት፣ እንጀራ መቁረሱን፣ ንብረት ሸጦ ለተቸገረ ማካፈሉንና ደስታውን በአንድ ትንፋሽ ነው የሚያወራው። ይህን ምዕራፍ ሁላችንም እንወደዋለን። እኔ ግን ለአገልጋዮች የበለጠ የሚጠቅመው ስድስተኛው ምዕራፍ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም እዚያ ማዕዱ ይታወካል። ግሪክኛ ተናጋሪ የሆኑት አይሁድ መበለቶቻችን በየዕለቱ ከሚታደለው ተዘነጉብን ብለው ያጉረመርማሉ። ሐዋርያት ቅሬታውን አላፈኑትም። ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ልብ ብላችሁ ስሙት፤ የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። ከዚህ የምረዳው፣ ማኅበሩ የማዕዱን አደራ አለፋችሁን ብለው ባማረሩት ሰዎች ወገን እጅ እንዳስቀመጠው ነው። ስንቶቻችን ነን የረዳነው ሰው ቅሬታ ሲያሰማ ይህን የምናደርገው? አብዛኛውን ጊዜ ምስጋና ቢስ ነው ብለን እናልፈዋለን። ከእነዚያ ሰባት አንዱ ፊልጶስ ደግሞ ኋላ በጋዛ መንገድ ላይ የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ሠረገላ ተጠግቶ ያጠመቀው ነው። ወደ ጃንደረባው የመጣው ወንጌላዊ አስቀድሞ የመበለቶችን ማዕድ ሲያገለግል የነበረ ሰው ነው።

ማዕድ እንዴት እንደሚፈርስ ደግሞ ከቆሮንቶስ እንማራለን። የቆሮንቶስ ክርስቲያኖች መሰብሰቡን አልተዉም፤ እንጀራውን ይቆርሳሉ፣ ጽዋውን ያነሣሉ። ነገር ግን ያለው የራሱን እራት ቀድሞ ይበላል፤ የሌለው ይራባል፤ አንዱ ሲሰክር ሌላው ባዶ ሆዱን ያያል። ቅዱስ ጳውሎስ በጻፈላቸው ጊዜ ይህ የጌታ እራት አይደለም ብሎ ፊት ለፊት ተናገራቸው። ሥርዓቱ አልጎደለም፤ የጎደለው ወንድም ነው። የቆሮንቶስ ሰዎች ስጦታ የበዛላቸው፣ አንደበተ ርቱዓን ነበሩ፤ ሐዋርያው ለእነርሱ በጻፈው መልእክት ውስጥ ከክርክርና ከመለያየት ጋር ብዙ ይታገላል።

አሁን ከቆሮንቶስ ወደ ሰሜን፣ ወደ መቄዶንያ እንውጣ። እዚህ ትንሽ ልቆይ፤ ስለ ደስታና ስለ ቡድን አገልግሎት ከዚህ የበለጠ ታሪክ አላውቅም።

በቀላውዴዎስ ቄሣር ዘመን ረኃብ ሆነ፤ በይሁዳ ያሉት ክርስቲያኖች ተቸገሩ። ጳውሎስም በኋላ ከአሕዛብ አብያተ ክርስቲያናት ለኢየሩሳሌም ድሆች ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረ። የመቄዶንያ ሰዎች፣ የፊልጵስዩስ፣ የተሰሎንቄና የቤርያ ክርስቲያኖች፣ ራሳቸው በመከራና በከባድ ድህነት ላይ ነበሩ። ጳውሎስ ሊያስቸግራቸው አልፈለገም ይመስላል። እነርሱ ግን በዚህ አገልግሎት ውስጥ ድርሻ ይኑረን ብለው አጥብቀው ለመኑት። ለማኞቹ ሰጪዎቹ ናቸው! ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በሁለተኛው መልእክቱ ይህን ሲያወራ የደስታቸውን ብዛትና የድህነታቸውን ጥልቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ልግስናው ከሁለቱም እንደፈለቀ ይናገራል። ድሆች ነበሩ፤ ግን ተረጂ ብቻ ሆነው መቅረትን አልፈለጉም። ማዕዱ ላይ የሚያቀርቡት ነገር እንዲኖራቸው ፈለጉ።

የዚህ ስብስብ አሠራርም ያስደንቀኛል። ጳውሎስ ያን የሚያህል ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ ማንም እንዳይነቅፈን ብሎ አብያተ ክርስቲያናት የመረጧቸው ሰዎች አብረውት እንዲሄዱ አደረገ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 20 ጓደኞቹን በስም ይጠራል፦ ከቤርያ ሱሲጴጥሮስ፣ ከተሰሎንቄ አርስጥሮኮስና ሲኮንዱስ፣ ከደርቤን ጋይዮስ፣ ደግሞም ጢሞቴዎስ፣ ከእስያ ቲኪቆስና ጥሮፊሞስ። አብረው በመርከብ ሄዱ፣ በጢሮአዳ እንጀራ ቆረሱ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ወጡ። በገንዘብ ጉዳይ መተማመን ሲጎድል ስንት መልካም ቡድን እንደፈረሰ እናንተም እኔም እናውቃለን። ከማን ስንት ተሰበሰበ፣ ለምን ዋለ የሚለውን በየወሩ ለአባላት ማንበብ መንፈሳዊነትን የሚቀንስ የሚመስላቸው አሉ። ሐዋርያው እንደዚያ አላሰበም። ሒሳቡ ግልጽ የሆነበት ቡድን ማዕድ ሲቀርብ ዓይን ለዓይን ይተያያል።

ያው የፊልጵስዩስ ማኅበር ጳውሎስ በታሰረ ጊዜ ስጦታ አስይዞ አፍሮዲጡን ላከለት። አፍሮዲጡ በአገልግሎቱ ላይ ታሞ ለሞት ተቃርቦ ነበር። ጳውሎስ መልሶ የጻፈላቸው መልእክት ከመልእክቶቹ ሁሉ ስለ ደስታ አብዝቶ የሚናገር ነው፤ የተጻፈውም ከእስር ቤት ነው። በዚህ በደስታ መልእክት ውስጥ ግን ሁለት ሴቶች በስም ተጠቅሰው እንዲስማሙ ይለመናሉ፤ ኤዎድያና ሲንጤኪ። በወንጌል ሥራ አብረውት የተጋደሉ ናቸው። እዚያው ጎን አንድ ታማኝ ባልንጀራ እንዲያግዛቸው ይጠየቃል። ይህ ለእኛ ትልቅ መጽናኛ ነው። አብረው የሚያገለግሉ ሰዎች ይጣላሉ፤ ፊታቸውን ያጠቋቁራሉ፤ አንዷ ሌላዋ ባለችበት ቅዳሜ አልመጣም ትላለች። ሐዋርያው ይህ ከጠፋ በኋላ ደስ ይላችኋል አላለም። በመልእክቱ ጠቡና ደስታው በአንድ ገጽ ላይ ናቸው፤ የሚያስታርቅ ሦስተኛ ሰውም ተመድቧል። በሽምግልና ያደገው ሕዝባችን ለዚህ እንግዳ አይደለም። ቡድኖቻችን ግን የሥራ አስተባባሪ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ፤ አስታራቂ ሲመርጡ ብዙም አላየሁም።

ማዕዱና አገልግሎቱ በኋለኛው ዘመንም አልተለያዩም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ155 አካባቢ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ለሮም ቄሣር ለአንቶኒኖስ ፒዮስ ክርስቲያኖች እሑድ እሑድ ምን እንደሚያደርጉ ሲያስረዳ፣ ከቁርባኑ በኋላ ዲያቆናት ላልመጡት ድርሻቸውን እንደሚወስዱላቸው ይነግረዋል። አቅም ያለው በፈቃዱ የሚሰጠው ገንዘብ በማኅበሩ አለቃ ዘንድ ተቀምጦ ለድሀ አደጎች፣ ለመበለቶች፣ ለሕሙማን፣ ለእስረኞችና ለእንግዶች እንደሚውልም ይገልጻል። ቅዱስ ባስልዮስ በቀጰዶቅያ ቂሣርያ በ368 ገደማ ረኃብ በጸና ጊዜ ባለጎተራዎችን ገሥጾ ጎተራቸውን አስከፈተ፤ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖም ለተራቡት በራሱ እጅ አቀረበ። ኋላ ከከተማዋ ውጭ ለሕሙማን፣ ለለምጻሞችና ለመንገደኞች የሠራው መንደር በስሙ ተጠራ፤ ወዳጁ ጎርጎርዮስም አዲስ ከተማ አድርጎ አወድሶታል። ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያ ሲሰብክ በውጭ ያለው ድሀ እየተራበ መሠዊያውን በወርቅ ጽዋ መሙላት ምን ይጠቅማል እያለ ሰሚውን ያስጨንቅ ነበር፤ ያቺ ቤተ ክርስቲያን በዚያ ጊዜ 3,000 መበለቶችንና ደናግልን ትረዳ እንደነበርም ተናግሯል። የሁለቱም ስም ዛሬ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴያት ላይ ይጠራል፤ ቅዳሴ ባስልዮስና ቅዳሴ ዮሐንስ አፈወርቅ አሉን። የቅዳሴ ባስልዮስ ስምና የሕሙማኑ ቤት ስም አንድ ነው።

ከሐዲው የሮም ቄሣር ዮልያኖስ እንኳ ይህን አይቷል። በ362 ለአንድ የጣዖት ካህን በጻፈው ደብዳቤ ገሊላውያን፣ ክርስቲያኖችን ማለቱ ነው፣ ከራሳቸው ድሆች አልፈው የእኛንም ይረዳሉ፣ ይህ ለእኛ ሐፍረት ነው ብሎ የእንግዳ ማረፊያ ቤቶች እንዲሠሩ አዘዘ፣ ስንዴና ወይንም መደበ። በቀጣዩ ዓመት በጦር ሜዳ ስለሞተ ዕቅዱ እንዴት እንደሚሆን ለማየት አልታደለም። እኔ ግን ሳስበው፣ እህሉን መኮረጅ የሚቻል ነበር። ከቄሣር ጎተራ የሚወጣ ስንዴ ሰውን ያጠግባል፤ ሰጪና ተቀባይን ወንድማማች የሚያደርገው ማዕድ ግን በትእዛዝ አይዘረጋም።

ወደ አገራችን ልመለስ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አንድ ካህን ብቻውን መቀደስ አይችልም። ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። ሕዝቡም ድርሻ አለው፤ ይመልሳል፣ ይሰግዳል፣ በመካከሉም እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተለዋወጡ ሲባል ጎን ለጎን ያለው እጅ ይነሣሣል። ከዚያ በፊት በቤተ ልሔም ስንዴውን አዘጋጅቶ ኅብስቱን የጋገረ፣ ዘቢቡን የጨመቀ፣ ውኃ የቀዳ አለ። ክርስቲያናዊ ኅብረት ከሥሩ የቡድን አገልግሎት ነው ስል ይህን ማለቴ ነው። ብቻውን ቅዱስ ነገር የሚሠራ ሰው በቤተ መቅደሱ ውስጥ እንኳ ቦታ የለውም።

ከቅዳሴው በኋላ የሚመጣውን ሰንበቴን አስቡ። ተረኛው ዳቦውን፣ ጠላውን፣ እንጀራውን ይዞ ይመጣል፤ ካህኑ ይባርካል፤ በሰንበቴው ቤት ባለጠጋውና የቀን ሠራተኛው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ነዳያንም ድርሻ አላቸው። በጽዋ ማኅበርም እንደዚሁ ነው። በየወሩ በቅዱሱ ዕለት የአንዱ ቤት ይከፈታል፤ ዝክሩ ይቀርባል፤ ሲያበቃ የሚቀጥለው ተረኛ ጽዋውን ተረክቦ ይሄዳል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሁልጊዜ እንግዳ የሆነ፣ ሁልጊዜም አስተናጋጅ የሆነ ሰው የለም። ዛሬ ያበላ በሚቀጥለው ወር ይበላል። አያቶቻችን ይህን ያህል ጥበብ በአንዲት ጽዋ ዙሪያ አስቀምጠውልናል፤ እኛ ደግሞ ዘመናዊ የበጎ አድራጎት ቡድን ስናቋቁም ከዚህ ቤት ምንም ሳንወስድ እንጀምራለን። በውጭ አገር ያሉ ምእመናን በዚህ ከእኛ የተሻሉ ይመስለኛል። በአሜሪካ ብዙዎቹ አጥቢያዎች የጀመሩት በተከራዩት አዳራሽ ነው፤ ምግቡን የሚያበስለው፣ ወንበሩን የሚዘረጋው፣ መኪና የሌላቸውን እናቶች የሚያመላልሰው ሌሊት ሥራ ያደረ ምእመን ነው። ከቅዳሴ በኋላ አብሮ መብላቱ ለእነርሱ ዘመድ የማግኛ ቦታ ነው።

አሁን አንድ በየክረምቱ የማየውን ነገር ላንሣ። የወጣቶች ቡድን የአንዲት አሮጊት እናት ቤት ሊያድስ ይመጣል። የዛገውን ቆርቆሮ ያወርዳሉ፣ የበሰበሰውን ማገር ይነቅላሉ፣ ከጭድ ጋር ተቦክቶ የከረመውን ጭቃ ይመርጋሉ። ይዘፍናሉ፣ ይዘምራሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እዚያ በዓይን ይታያል። እማማ ከጎረቤት ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ «ልጆቼ፣ ቡና ላፍላላችሁ» ይላሉ። ወጣቶቹ በቅንነት ይመልሳሉ፦ «አይ እማማ፣ እርስዎ አይድከሙ፤ ውኃም ዳቦም ይዘናል።» እማማ ዝም ይላሉ። ወጣቶቹ መልካም ያደረጉ ይመስላቸዋል።

በደቦ አገር እኮ ነው ያለነው! በደቦ ባለቤቱ ያበላል፣ ያጠጣል፤ ሠራተኛ ጠርቶ ያላበላ ሰው አንገቱን ይደፋል። እማማ ያችን ቡና ሲከለከሉ የገዛ ቤታቸው እመቤት መሆናቸው ቀርቶ የዘመቻ ተጠቃሚ ሆኑ። እባካችሁ ቡናውን ጠጡ። ስኒው ከጎረቤት ቢመጣ፣ ስኳሩ ባይኖር፣ የመርሐ ግብራችሁ ሰዓት ቢያልፍባችሁ እንኳ ተቀመጡና አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ጠጡ። እማማ ያወራሉ፤ ያ ግድግዳ ማን እንደሠራው፣ በየትኛው ጥግ ማን እንደተወለደ ትሰማላችሁ። ሲመርቋችሁ አሜን በሉ። ምርቃቱ የእርሳቸው ድርሻ ነው፤ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የቡድናችሁ አባል ናቸው። የምርጊቱ ሥራ በግማሽ ቀን ቢዘገይ ቤቱ አይጎዳም።

በጸሎተ ሐሙስ ካህናት በወይንና በወይራ ቅጠል የምእመናንን እግር ሲያጥቡ የምናስበው ጌታ ዝቅ ማለቱን ነው፤ ተገቢም ነው። ጴጥሮስን ግን እንረሳው ይሆን? ጴጥሮስ እግሬን አታጥብም አለ፤ ለመታጠብ ፈቃደኛ ካልሆነ ከጌታ ጋር ዕድል እንደማይኖረው ተነገረው። ማገልገልን የሚወድ፣ መገልገልን ግን የሚያፍር ሰው በየቡድናችን ብዙ ነው። እርሱ ሲታመም ለማንም አይናገርም፤ ሲቸግረው ይሰወራል። ትጉህ አገልጋይ ብለን እናመሰግነዋለን፤ አንድ ቀን በድንገት ይቀራል፣ ደክሞኛል ይላል። አልተሰላቸም፤ ከማዕዱ ያልበላ ሰው ስለሆነ ጉልበቱ አልቆበት ነው።

ይህን ካልኩ ከባድ የሆነውን ነገር ልናገር። በጥምቀት ዋዜማ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ወጣቶች አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው፣ መንገድ ጠርገው፣ ከየሰፈሩ ባዋጡት ገንዘብ የገዙትን ምንጣፍ በታቦታቱ ፊት እየዘረጉና እየጠቀለሉ እስከ ጃን ሜዳ ይሄዳሉ። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር ዓለም ካየው ውበት አንዱ የእነዚህ ልጆች ድካም ነው ብዬ አምናለሁ። ላባቸውን ሳይ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ነገር ግን በአገራችን ወደ ቅዱስ ቁርባን የሚቀርቡት በአብዛኛው ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። ወጣቱ ምንጣፉን ያነጥፋል፣ ጥላ ይይዛል፣ ሕዝብ ያስተናግዳል፤ ዋናው ማዕድ ሲቀርብ ግን ወደ ኋላ ይላል። አልበቃሁም ይላል። ፍርሃቱ ከአክብሮት የመጣ ነውና አልንቀውም። የሚያሳዝነኝ ግን፣ የድግሱ አሳላፊ ሆኖ ሳይቀምስ ወደ ቤቱ መመለሱ ነው። የንስሐ አባት ይዞ፣ ራሱን አዘጋጅቶ፣ ከጓደኞቹ ጋር ቀጠሮ ይዞ መቅረብ ይችላል። አብረው የሚያገለግሉ አሥር ልጆች አብረው ቢጾሙ፣ አብረው ቢቆርቡ፣ ቅዳሜ የሚሠሩት ሥራ ከእሑዱ ጋር ይያያዛል። የጌታ እራት በሚባልበት ቤት ላላችሁም ነገሩ ያው ነው፤ አብራችሁ የበላችሁትን እንጀራ እያሰባችሁ ሰኞ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

ሌላም አደጋ አለ፤ ፈጥኜ ልለፈው። ቡድኑ ራሱን በጣም መውደድ ይጀምራል። ቲሸርቱ፣ ፎቶው፣ ቀልዱ፣ የመኪናው ጉዞ ይደምቅና በሽተኛው የፎቶው ዳራ ሆኖ ይቀራል። ዘይትና ዱቄት የሚቀበሉ እናት ፊታቸውን ወደ ካሜራ እንዲያዞሩ ሲጠየቁ ያየሁበት ቀን አለ። ጓደኝነት ደስ ይላል፤ መደበቅ የለብንም። ነገር ግን ያ ደስታ በር ካልተከፈተለት ያረጃል። ቆሮንቶስ ላይ የሆነው ይኸው ነው። በአገራችን በመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ግን ልደታቸውንና ሠርጋቸውን ከነዋሪዎቹ ጋር ማዕድ ቆርሰው የሚያከብሩ ሰዎች አሉ። ሙሽሮች በነጭ ልብሳቸው ገብተው ከአረጋውያኑ መካከል ሲቀመጡ፣ የመጣው ምግብ የሠርጉ ምግብ ነው፤ የሚጨበጨበውም የሠርጉ ጭብጨባ ነው። የሰጡት ትርፋቸውን አይደለም፤ በበዓላቸው ላይ ነው የጠሯቸው። ዲዮናስዮስ በዓል ላይ ነን ሲል የተናገረው ከዚህ ሩቅ አይመስለኝም። እስክንድርያ ላይ አስታማሚው ነገ ታማሚ፣ ገናዡ ነገ ተገናዥ ነበር። በመካከላቸው ረጂና ተረጂ የሚል መስመር ለማስመር ጊዜም ቦታም አልነበረም፤ ሁሉም ከአንድ ጽዋ ጠጥተው ነበርና።

በመጨረሻ ከማዕዱ ርቀው የቀሩትን ላንሣ። የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ይባላል። በዚያ ዕለት ታሪኩን የምንሰማው ሰው 38 ዓመት ታሞ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር ተኝቷል። ብዙ ሕዝብ በዙሪያው አለ፤ አምስቱ መመላለሻዎች በድውያን ተሞልተዋል። እርሱ ግን ጌታ በጠየቀው ጊዜ የተናገረው ውኃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነው። በማርቆስ ወንጌል ደግሞ በቅፍርናሆም ሌላ ሽባ አለ። እርሱ አራት ተሸካሚዎች አሉት። በሕዝቡ ብዛት መግባት ሲያቅታቸው ጣራውን ነድለው አወረዱት፤ ጌታም የእነርሱን እምነት አይቶ ተናገረው። የአራቱ ስም አልተጻፈም። በቅፍርናሆም አራት ሰው ተባብሯል፤ በቤተ ሳይዳ ያ ሁሉ ሕዝብ ባለበት አንድም አልተገኘም።

በየአጥቢያችሁ ቤት የዋሉ አሉ። እግራቸው ከድቷቸው፣ ዓይናቸው ደክሞ፣ የሚደግፋቸው ልጅ ወደ ዓረብ አገር ሄዶባቸው ቅዳሴ ከሰሙ ዓመታት ያለፋቸው። በየወሩ ዱቄት ትወስዱላቸው ይሆናል፤ አትተዉት። ነገር ግን በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ላይ ስማቸውን በአንድ ወረቀት ጻፉ፤ ለእያንዳንዳቸው አራት አራት ሰው መድቡ። ቅዳሜ ማታ አንዳችሁ ሄዳችሁ «ነገ ቤተ ክርስቲያን እንውሰድዎት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ፈቃዳቸውን ሳታገኙ አትምጡባቸው። ተሽከርካሪ ወንበር ካልተገኘ በተራ ተሸከሟቸው። ደረጃው ጋ ሁለት ጠንካራ ልጆች ይቁሙ። ውስጥ ከገቡ በኋላ የት እንደሚቀመጡ እርሳቸው ይምረጡ፤ የዱሮ ቦታቸውን ያውቁታል። ቅዳሴው ሲያልቅ ቶሎ ወደ ቤት ለመመለስ አትቸኩሉ፤ ሰንበቴው ቤት ይዛችኋቸው ግቡ፣ ከጎናቸው ተቀመጡ፣ የተረኛውን ዳቦም ቆርሰው ለእናንተ እንዲሰጧችሁ ጠይቋቸው።